የአፍሪካ ነጻነት በአንድ የግድግዳ ካርታ፦ ከባሕር ዳር ገዝቼ አንድ የትምህርት ዓመት ያስተማርኩበት

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከጣና ዳር ወደ ገበያው በሚያወጣው መንገድ ላይ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የአፍሪካ ሕዝቦችን ፀረ ቅኝ ግዛት ተጋድሎና የየአገሩን የነጻነት ቀን የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ካርታ በ650 ብር ገዛሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ ለክፍሌ የሚሆን በአማርኛ የተዘጋጀ የአፍሪካ ታሪክ ካርታ ስፈልግ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ካርታው በወፍራም ባነር ላይ የታተመ ነው፤ ከላይና ከታች የእንጨት ዘንግ አለው፤ ሲሰቀል የክፍሉን ግድግዳ ግማሽ ይይዛል። መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሰቀልኩት፤ እስከ ሰኔ ድረስም ከጥቁር ሰሌዳው ጎን አልወረደም። ስለዚህ የምጽፈው አንድ ጊዜ አይቼው ሳይሆን ከሁለት መቶ በላይ ተማሪዎች ፊት ቆሜ በየሳምንቱ ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ካርታው ለመምህራንም ሆነ ልጆቻቸው ታሪክ እንዲያውቁ ለሚፈልጉ ወላጆች ይጠቅማል፤ እንዲገዙትም እመክራለሁ። ነገር ግን ያዘጋጁት ሰዎች ለጋናና ለጊኒ ያሰቡትን ያህል ለጎጃም አላሰቡም። ባሕር ዳር ላይ የሚሸጥ ካርታ የባሕር ዳርን አካባቢ ባዶ መተዉ አሳዝኖኛል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ካርታውን ለምን እንደወደድኩት ላስረዳ። እስከ አሁን በየትምህርት ቤቱ ያየኋቸው ካርታዎች በእያንዳንዱ አገር ላይ ባንዲራና ዓመት አትመው ያልፋሉ። ተማሪው በ1960 እ.ኤ.አ. ዐሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነጻ መውጣታቸውን ሲያይ፣ አውሮፓውያን በአንድ ዓመት ውስጥ ልባቸው ራርቶ ነጻነትን ያከፋፈሉ ይመስለዋል። ይህ ካርታ ግን በእያንዳንዱ አገር ላይ ሁለት ነገር አስቀምጧል፦ ሕዝቡ ቅኝ ገዢን የተዋጋበትን ቦታና ዓመት በጥቁር ነጥብ፣ ነጻ የወጣበትን ቀን በቀይ ጽሑፍ። ከጥቁሩ ወደ ቀዩ የሚሄድ ቀጭን መስመርም አለ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በክፍል ውስጥ ግን ትልቅ ለውጥ አምጥቷል።

ጊኒን እንውሰድ። ጥቁሩ ነጥብ ሳሞሪ ቱሬ ነው፤ ፈረንሳዮችን ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ከተዋጋ በኋላ በመስከረም 1898 እ.ኤ.አ. ተማርኮ ወደ ጋቦን ተግዞ እዚያው የሞተው። ቀዩ ደግሞ ጥቅምት 2 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ነው። ጊኒ በመስከረም 28 ቀን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከፈረንሳይ ጋር አልቀጥልም ብላ ድምፅ የሰጠች ብቸኛ የፈረንሳይ የአፍሪካ ግዛት ነበረች፤ ሕዝቡን ለዚህ ድምፅ የመራው ሴኩ ቱሬም የሳሞሪ ዘር ነኝ ይል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ስድሳ ዓመት ይዟል። አንዲት ተማሪዬ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች «ታዲያ አልተሸነፉም ማለት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ያን ቀን ያዘጋጀሁትን ትምህርት ትቼ በዚህ ጥያቄ ላይ ብቻ ሙሉ ክፍለ ጊዜውን አሳለፍን።

ዚምባብዌም እንዲሁ ነው። የሾና ሕዝብ መንፈሳዊ መሪ የነበረችው ነሃንዳ በ1896ና 97ቱ አመፅ ሰበብ በ1898 ተሰቀለች፤ ከሰባ ዓመት በኋላ ጠመንጃ ያነሡት ወጣቶች ትግላቸውን ሁለተኛው ቺሙሬንጋ (በሾና ቋንቋ የነጻነት ተጋድሎ) ብለው የጠሩት የመጀመሪያው የእርሷ ዘመን ስለ ነበረ ነው። አገሪቱ ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ነው። በጋና በኩል የኤጂሱ እቴጌ እናት ያ አሳንተዋ አለች፤ በ1900 የእንግሊዝ ገዢ የአሻንቲን የወርቅ ዙፋን ልቀመጥበት አምጡ ባለ ጊዜ ወንዶቹ ሲያመነቱ ጦሩን የመራችው እርሷ ናት፤ በሲሸልስ በግዞት በ1921 ሞተች። ከእርሷ የተነሣው መስመር መጋቢት 6 ቀን 1957 ላይ ሲደርስ፣ ንክሩማ የጋናን ነጻነት ባወጀበት ሌሊት ላይ ይቆማል።

ስለ ማጂ ማጂ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪዎቼ ከሁሉ አብልጠው የያዙት እርሱን ነውና። በዛሬዋ ታንዛኒያ ጀርመኖች ገበሬውን በግዳጅ ጥጥ ያዘሩት ነበር። በ1905 እ.ኤ.አ. አመፁ ሲነሣ የተለያዩ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦችን ያስተባበረው የጀርመንን ጥይት ወደ ውኃ ይለውጣል የተባለ የተባረከ ውኃ ነበር፤ ማጂ ማለትም በስዋሂሊ ውኃ ማለት ነው። ውኃው ጥይቱን አልከለከለም። ጀርመኖች እህሉን አቃጥለው፣ ጎተራውን አውድመው፣ ከጦርነቱ የተረፈውን ሰው በረኃብ ፈጁት። ከዘጌ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «በቡናችን ፋንታ ሌላ ዝሩ ቢሉን እኛስ?» አለ። ካርታው የጥጥ ምልክት ከጥቁሩ ነጥብ አጠገብ በማኖሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲነሣ አድርጓል፤ አዘጋጆቹን በዚህ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከቀዩ ቀን አመራረጥ ጋር በተያያዘ ግን ሁልጊዜ አልተስማማንም። የነጻነት ቀን ሲመረጥ የማን ቃል ይታመናል የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ካርታው ለጊኒ ቢሳው መስከረም 1974 እ.ኤ.አ. ይላል፤ ይህ ፖርቱጋል ለነጻነቱ ዕውቅና የሰጠችበት ጊዜ ነው። የአገሪቱ ታጋዮች ግን ነጻ ባወጡት ምድር ላይ ነጻነታቸውን ያወጁት ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ መስከረም 24 ቀን 1973 ነው፤ መሪያቸው አሚልካር ካብራል በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተገድሎ ያንን ቀን ሳያይ ቀርቷል። ይልቁንም በአፍሪካ ውስጥ የተካሄደው ይህ ጦርነት የፖርቱጋልን መኮንኖች አሰልችቶ በሚያዝያ 1974 የሊዝበንን አምባገነን መንግሥት እንዲገለብጡ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ስለ ሆነ፣ ነጻነት ከሊዝበን ወደ ቢሳው የመጣ ሳይሆን ከቢሳው ወደ ሊዝበን የሄደ ነው ብል ስሕተት አይመስለኝም። ካርታው የፖርቱጋልን ቀን መምረጡ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ደቡብ አፍሪካም ላይ 1910 ብቻ ተጽፏል። በ1910 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኅብረት የነጮች ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የመሬት ሕግ ብዙኃኑን ጥቁር ሕዝብ ከአገሩ መሬት ከዐሥር እጅ አንዱን በሚያህል ክልል ውስጥ አጠረው። ለተማሪዎቼ 1910ን በእርሳስ ሰርዤ ሚያዝያ 27 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ሕዝቡ ሁሉ የመረጠበት ቀን ያ ነውና። ግብፅንም እንዲሁ፤ በ1922 ነጻ ናት ተባለ እንጂ የእንግሊዝ ወታደር ከስዊዝ ቦይ የወጣው በ1956 ነው። እዚህ ግን ሁለቱም ዓመት ቢጻፍ ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ስሕተት እመጣለሁ፤ የዓመት አቆጣጠሩ ነው። አዘጋጆቹ ለሌላው አፍሪካ የአውሮፓን አቆጣጠር፣ ለእኛ ደግሞ የራሳችንን ተጠቅመዋል፤ ነገር ግን በየትኛውም ቦታ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ብለው አልለዩም። ውጤቱን በምሳሌ ላሳይ። የዙሉ ጦር እንግሊዞችን በኢሳንድልዋና ድል ያደረገው ጥር 22 ቀን 1879 እ.ኤ.አ. ነው። ራስ አሉላ ጣሊያኖችን በዶጋሊ ድል ያደረጉት ጥር 1879 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር 1887 ይሆናል። በካርታው ላይ ሁለቱም ነጥቦች «1879» ተብለው ታትመዋል። የአንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ዙሉና ራስ አሉላ በአንድ ወር ውስጥ እንደ ተዋጉ አድርገው ጽፈውልኝ ነበር፤ እነርሱን ልወቅስ አልቻልኩም፤ ካርታው የነገራቸውን ነው የጻፉት። ዐድዋም እንዲሁ 1888 ተብሎ ስለ ተጻፈ ከያ አሳንተዋ ጦርነት ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚቀድም ይመስላል፤ እውነተኛው ርቀት ግን አራት ዓመት ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ዐድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለትም መጋቢት 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. መሆኑን ያላወቀ ልጅ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ሳሞሪ ሲማረክና ነሃንዳ ስትሰቀል ድሉ ለአህጉሩ ምን ያህል ብቸኛ እንደ ነበረ አይገባውም።

መደብሩን ስለዚህ ነገር ጠይቄ ነበር። ሻጩ በትሕትና ሰማኝ፤ ካርታውን ከአዲስ አበባ በጅምላ እንደሚያመጣና አዘጋጁን እንደማያውቅ ነገረኝ። በካርታው ላይ የአዘጋጅም የማተሚያ ቤትም ስም የለም። ይህም ራሱ ጉድለት ነው፤ ስም ቢኖር ኖሮ ጽፈን እናርም ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይበልጣል። ካርታው አገራችንን ነጭ አድርጎ ትቶ በመካከሏ «ቅኝ ያልተገዛች» ይላል። ከዐድዋ በቀር አንድም የተጋድሎ ነጥብ የለም። ቅኝ አልተገዛንም መባሉ ደስ ያሰኛል፤ ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያሉት አምስት ዓመታት የት ገቡ? ጣሊያን ባሕር ዳርን በ1928 ዓ.ም. ይዟል። በጎጃም የነበረው ገበሬ መሣሪያህን አስረክብ ሲባል ተነሣ፤ በላይ ዘለቀ በቢቸና በኩል፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በምዕራብ ጎጃም፣ ሌሎችም በየወረዳቸው ጠላትን ከምሽጉ ውጭ እንዳይንቀሳቀስ አድርገው ያዙት። የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል፤ ልጆቻችን በየቀኑ ስሙን ይሰማሉ፤ ካርታው ላይ ግን ሲፈልጉት ባዶ ወረቀት ነው የሚያገኙት። አንድ ተማሪዬ ቅድመ አያቱ ለአርበኞች ስንቅ ያቀብሉ እንደ ነበር ነግሮኛል፤ ያ ልጅ ሳሞሪንና ነሃንዳን በነጥባቸው አግኝቶ የቅድመ አያቱን አገር ባዶ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አዘጋጆቹ ቢያስቡ መልካም ነበር።

ነጭ መሆኗ ደግሞ የአፍሪካን ታሪክ ራሱን ይቆርጠዋል። የሊቢያውን አርበኛ ዑመር ሙክታርን በመስከረም 1931 እ.ኤ.አ. በሊቢያ ያሰቀለው የግራዚያኒ ጦር ነው፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝቡን ያስፈጀውም ያው ግራዚያኒ ነው። ካርታው ላይ ሊቢያ ጥቁር ነጥብ አላት፣ ቀይ ቀንም አላት፤ ታኅሣሥ 24 ቀን 1951 እ.ኤ.አ.። ከሊቢያ ወደ አዲስ አበባ አንድ መስመር ቢሳል ኖሮ ሁለቱ ሕዝቦች የአንድ ሰው ግፍ ተካፋዮች እንደ ነበሩ በአንድ እይታ ይታይ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው መስመር ግን በእኛው ጎጃም በኩል የሚያልፈው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ባለችው ኦሜድላ በኩል ገብተው፣ ጎጃምን አቋርጠው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። አብሯቸው የነበረው ጦር አነስተኛ ነበር፤ ከኢትዮጵያውያኑ ጎን የሱዳን ድንበር ሻለቃ ወታደሮች ነበሩበት። በደቡብ ግንባር ደግሞ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከዚያን ጊዜዋ ጎልድ ኮስት (ከዛሬዋ ጋና) የመጡ ወታደሮች ተዋግተዋል። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር እያሉ አንድን አፍሪካዊ አገር ነጻ ለማውጣት ደማቸውን አፈሰሱ። ሱዳን ከዚያ ዐሥራ አምስት ዓመት ቆይታ፣ በጥር 1 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጣች። በጋና ከተማ በአክራ የካቲት 28 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. የጡረታ መብታቸውን ለመጠየቅ የወጡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱን ሲገድል፣ ያ ቀን ንክሩማን ወደ ፊት ያወጣ ቀን ሆነ። ከጎጃም ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ 1956 የሚሄድ አንድ መስመር ይህ ካርታ ያስፈልገዋል።

ጣናም ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ባደረገችው ውል በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ውኃውን የሚገድብ ሥራ እንዳይሠራ አስገብታለች። በ1925 ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን በእኛ ሐይቅ ላይ እርስ በርሳቸው ተስማሙ፤ አንዱ ለግድቡ፣ ሌላው ለባቡር መንገዱ ሊደጋገፉ ተጻጻፉ። ራስ ተፈሪ ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር ፊት በ1926 አቤቱታ አቀረቡ። ካርታውን ከሰቀልኩበት ክፍል መስኮት ሐይቁ ይታያል። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ወደ መስኮቱ ዘወር ማለታቸውን አስታውሳለሁ። በጣና ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ይገባው ነበር፤ በጦር መሣሪያ ሳይሆን በወረቀት የተደረገ ተጋድሎ መኖሩን ለማሳየት።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወስኗል፤ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን ወይም ዘመዶቻችንን በሥራ ያኖረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ከጣሊያን የጦር ካሳ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማችን ከዚህ ታሪክ ያገኘችው ነገር በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ ለካርታ የሚቸግር አይደለም።

አዲስ አበባን በተመለከተ ካርታው ጥሩ ሠርቷል። በግንቦት 25 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ሠላሳ ሁለት መንግሥታት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱበትን ቀን በወርቃማ ኮከብ አሳይቶ፣ ከኮከቡ ወደ ዳሬሰላም መስመር ዘርግቷል፤ የድርጅቱ የነጻነት ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ መቀመጫ እዚያ ነበርና። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 በኮልፌ የወሰዱትን ወታደራዊ ሥልጠናም በትንሽ ጽሑፍ ጠቅሶታል። ተማሪዎቹ ይህን ሲያነቡ ይኮራሉ።

ስለ ዕቃው ራሱ ብዙ የምለው የለም። ባነሩ አልተቀደደም፤ ቀለሙም ከመስኮቱ ፀሐይ ጋር አንድ ዓመት ውሎ አልደበዘዘም። የምልክቶቹ መግለጫ ጽሑፍ ግን ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር ጀምሮ አይነበብም፤ የአገር ስሞችም በትናንሽ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ላይ ተደራርበዋል፤ ቶጎና ቤኒን አንድ አገር እስኪመስሉ ድረስ። የላይኛው ዘንግ ምስማር በሁለተኛው ወር ተነቅሎ በሽቦ አስሬዋለሁ። ለዋጋው ይበቃል እላለሁ።

የሚገዛ ሰው ካለ ሁለት ነገር እንዲያደርግ እመክራለሁ። ከመስቀሉ በፊት በማይለቅ ማርከር በእያንዳንዱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ቀን ጎን «ዓ.ም.»፣ በሌሎቹ ጎን «እ.ኤ.አ.» ብሎ ይጻፍ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የአንድ ዓመት ግራ መጋባትን ግን ያስቀራል። ሁለተኛ፣ ለኢትዮጵያ ባዶ ቦታ የራሱን ነጥቦች ያዘጋጅ። እኔ ከጥቁር ወረቀት ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ ቢቸናን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ባሕር ዳርን፣ በኅዳር 1941 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠበትን ጎንደርንና ኦሜድላን ለጥፌበታለሁ። ማጣበቂያው በክረምቱ የሐይቅ እርጥበት እየለቀቀ ስለ ወደቀ፣ ዘንድሮ እነዚያን ነጥቦች በስቲከር አሳትሜ እንደገና ለጥፌአቸዋለሁ፤ የዘጌው ልጅ ኦሜድላን በትክክለኛው ቦታ ላይ ራሱ ለጠፈ።